ባሕር የሌለው ባሕር ዛፍ

እኛ «ባሕር ዛፍ» አልነው፣ ባሕር ተሻግሮ
በመርከብ ሆድ ቢመጣ፣ በፍሬው ተቋጥሮ፤
እሷ አገር ግን ዛፉ የትም አልተጓዘ፣
ከደረቀ ወንዝ ዳር፣ ሥሩን እንደያዘ፣
ከስሙም በፊት ነው፣ ከአጥርም በፊት፤
እዚያው ቆሞ አገኘችው አንዲት ሠዓሊት።

ሄስተር ትሬሎር፣ የመዳብ ቆፋሪ ልጅ፣
ፍሊንደርስ ተራራ ሥር፣ ከቆርቆሮ ቤት ደጅ
በዱቄት ከረጢት ላይ በከሰል ስትጭር
አባቷ አያትና ሳሉን ውጦ በሚስጥር
«ይቺ ልጅ ጉድጓድ አትወርድም» አለ፤
የኪስ ሰዓቱን ሸጦ ለባቡሯ ከፈለ።

አደሌድ። የሥዕል ቤት። ሚስተር ክራዶክ፣
ጢሙም ንግግሩም የተቆረጠ በልክ፤
ብሩሹን ከእጇ ወስዶ ዛፏን አረመላት፦
«ቅጠሉን አወፍሪው፤ ጥላ ጨምሪበት፤
ግራጫ ምን ይሠራል? አረንጓዴ አርጊው፤
አንዲት ላም አስተኚና ሜዳውን አስጊጪው።»
ሰውዬው የናፈቀው የልጅነቱን ኦክ ነው፤
ያየችውን ትታ፣ እሱ የናፈቀውን ሣለችው።

ገበያው ደራላት።
ሃያ ዓመት ሙሉ ሜልቦርን ገዛት፤
የሱፍ ነጋዴ ሚስት ሳሎኗ ሰቀለቻት፤
የባንክ ሥራ አስኪያጁ ሁለት በአንዴ አዘዘ፣
አንዱን ለሴት ልጁ ሰርግ፣ አንዱን ለራሱ ያዘ።
የነሐስ ሜዳይ መጣ። ባልም መጣላት፣
ዴንዚል የሚባል፣ ሒሳብ የሚይዝላት፣
ፊርማዋ እንዲጎላ በቀይ የሚያስጽፋት።

ከዚያ ቴሌግራም። አባትሽ ዐረፈ።
ዝናብ ከራቀ ሰባተኛ ዓመት አልፏል፤
በጎቹ ከድንጋዩ መለየት አቁመዋል።
በቀብሩ ማግስት ወንዙ ዳር ተቀመጠች፤
እጇ እንደ ለመደው ዛፉን አወፈረች።

ሮዚና መጣች፣ ከሚሲዮኑ በኩል፣
ዕድሜዋን እዚያው የኖረች፣ የእናቷም እናት እንዲሁ፣
ባልዲዋን አስቀምጣ ከኋላዋ ቆመች።
«የማን አገር ዛፍ ነው?» ብላ ጠየቀች።
ሄስተር በብሩሹ ጫፍ ዛፉን አሳየቻት።
ሥዕሉን አየች። ዛፉን አየች። ሳቀች።
ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ባልዲዋን ይዛ ሄደች።

ያኔ ነው ቀና ያለችው።
ዛፉ ጥላ የለውም፣ ያለውም ወንፊት ነው፤
ቅጠሉ በጠርዙ ቁልቁል ተንጠልጥሎ
ለፀሐይ ፊት ነሥቷታል፣ «በይ እለፊ» ብሎ።
ሌላው ዛፍ በበጋ ቅጠሉን ሲያራግፍ
ይሄ ቅጠሉን ይዞ ቆዳውን ይገፍፍ፤
ግንዱ አሁን እንደ ተሸለተ በግ ገላ
ቅላትም ንጣትም፣ የሚያፍር የሚመስል ኋላ፤
ያቺ «አረንጓዴ» ብላ የለመደችው ቀለም
ሰባት መልክ አወጣባት፣ አንዱም አረንጓዴ አይደለም።
ለካ ቀለም ቆጥራ፣ ቀለም አላየችም።

የላከችውን ሥዕል ሜልቦርን መለሰው፦
«ያልተጨረሰ ነው። ጥላውስ የት አለ?»
ዴንዚል መዝገቡን ዘጋ፤ አንድ ሳምንት ታገለ፣
ሜዳዩን ለሷ ትቶ ባቡር ላይ ዋለ።

እሷ እዚያው ቀረች፣ የበግ መሸለቻ ቤት፣
የሱፍ ቅባት የሸተተው ወለል ላይ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት።
አንድ ዛፍ። ቀለም ሲያልቅባት ከጉድጓዱ አፍ
የመዳብ ዝገት ፍቃ ቀባች ያንኑ ዛፍ፤
ዕድሜዋን ያገኘችው እውነተኛ አረንጓዴ
የአባቷን ሳንባ የበላው ነው፣ ያ ብቻ፣ አንዴ።

የኦክ ዘመን ሥዕሎቿ ዛሬም ሳሎን አሉ፣
ከግድግዳ ሰዓት ጎን ወፍረው ይታያሉ።
የወንዙን ዛፎች ግን የእህቷ ልጅ ሎርና
አንዱን በጣሪያው ሽንቁር ወተፈችውና
(ዝናብ መጥቶ ኖሯል!) መታችው በምስማር፣
ፊቱን ወደ ሰማይ፣ ጀርባውን ለማደር።
ከታች የተኛ ሰው ያነባል፣ በእርሳስ፦

«ማክሰኞ። ዐሥር ሰዓት። ከሰሜን ነው ነፋስ።
ትልቁ ቅርንጫፍ ሌሊት ወድቋል።
አልጨረስኩም።»